ተዋጊ ጄት እየቀነሰ አብራሪ የሚያጥረው እንዴት ነው?

እህቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የበረራ ተማሪ ነው። በፕሮፔለር አውሮፕላን የሚሰጠውን መሠረታዊ ሥልጠና ጨርሶ ለተዋጊ ጄት ተመረጠ። የተመረጠ ቀን የላከልኝ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ፊቱ ሁሉ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ 14 ወር ሆነው። የጄት ሥልጠናው ተራ አልደረሰውም። አንድ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ይመዘግባል። ደውዬ "እንዴት ሆነ?" ስለው "ገና ነው" ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ግራ የገባኝ ነገር አለ። የማነበው ሁሉ ስለ ተዋጊ አብራሪ እጥረት ነው። ያው ጽሑፍ ዝቅ ብሎ ደግሞ ያረጁ ተዋጊ አውሮፕላኖች እየተሰናበቱ ቁጥራቸው መቀነሱን ይነግረኛል። አውሮፕላን ካነሰ የሚያስፈልገው አብራሪም ማነስ የለበትም? በእርግጥ እጥረት ካለስ እንደ ወንድሜ ያሉ ልጆች ለምን ወረፋ ይጠብቃሉ? የምታውቁ አስረዱኝ። ለእሱም የምነግረው ነገር እፈልጋለሁ።

ተመልካች፦

መልሱ አየር መንገድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ከደረሰው የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን አደጋ በኋላ ሕጉ ጠበቀና የመንገደኞች አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ለመሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቅ ጀመር። ከሠራዊት የመጣ አብራሪ ግን በ750 ሰዓት መግባት ይችላል። ስለዚህ ሠራዊት ያሠለጠነውን አየር መንገድ ይወስዳል። የአሜሪካ አየር ኃይል ውል ለሚያድስ አብራሪ በዓመት እስከ 50,000 ዶላር ማበረታቻ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ደመወዝ ይጨመር፣ እጥረቱ ያበቃል።

ባለሰሌዳው፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ያለበትን ወረፋ ከሌላኛው ጫፍ ስለማውቀው ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በተዋጊ ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላኖች ጓድ) ውስጥ 11 ዓመት በርሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት የበረራ ፕሮግራም አውጪ ነበርኩ። ማታ ማታ ነጩ ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ፤ ከጥገና ክፍል የሚመጣው የነገ አውሮፕላን ቁጥር በግራ፣ የአብራሪዎቹ ስም በቀኝ። ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው አውሮፕላን፣ ምን ሊለማመድ እንደሚወጣ ማጣመር ነው ሥራው። የማውቀው ሁሉ ከዚያ ሰሌዳ የመጣ ነው።

"የአብራሪ እጥረት" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰው አጥቶ የቆመ አውሮፕላን ነው። በስኳድሮን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚሞላው ስኳድሮኑ ነው፤ ባዶ የሚቀረው አብራሪ የሚፈልገው የመምሪያ ወንበር፣ የዕቅድ ክፍሉ፣ የሙከራ በረራው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማሠልጠኛው የአስተማሪ ቦታ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሰሞኑን ከሚጎድሉት ወደ 2,000 ገደማ አብራሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተዋጊ ናቸው። ከእነዚህም በጣም የሚናፈቀው ሌላውን ይዞ መብረር የሚችለው፣ የበሰለው ነው። የአብራሪነት ምልክቱ ክንፍ ደረቱ ላይ የተሰካለት ልጅማ ይገኛል። ወንድምሽ አለ።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልውሰድሽ። ከጄት ሥልጠና ተመርቆ ስኳድሮን የገባ ልጅ ብቻውን ለግዳጅ አይወጣም። ተከታይ ሆኖ ይበራል፤ ከፊቱ ልምድ ያለው መሪ አለ። ቀጥሎ ሁለት አውሮፕላን መምራት ይማራል፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አስተማሪ ይሆናል። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ልምድ ያለው የሚባለው በሚያበረው ተዋጊ ዓይነት ወደ 500 ሰዓት ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ እሱ በወጣ ቁጥር ልምድ ያለው ሰው አብሮት መውጣት አለበት።

ባለ 24 አውሮፕላን ስኳድሮን እንውሰድ። ባለ አንድ መቀመጫ በሆነ ተዋጊ ለአንድ አውሮፕላን የሚመደበው 1.25 አብራሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 30 አብራሪ። ከ30ው ቢያንስ 18ቱ የበሰሉ ቢሆኑ ደህና ነው እንበል። ለአዳዲሶች የሚቀረው 12 ቦታ ነው። አንድ ልጅ በወር 15 ሰዓት ከበረረ 500 ሰዓት ለመድረስ 33 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ 12ቱ ቦታ በዓመት 4 አዲስ ልጅ ይቀበላል። አሁን በወር የሚበርበትን ወደ 10 ሰዓት አውርጂው፤ 50 ወር ይሆናል። ያው 12 ቦታ በዓመት 3 ልጅ እንኳ አይቀበልም። ይባስ ብሎ የምድቡ ዘመን 3 ዓመት ከሆነ ልጁ 360 ሰዓት ይዞ ይዛወራል፤ ማለት ሳይበስል ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚመራ ሰው አይኖርም።

ጥያቄሽ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። አንድ ስኳድሮን ሲዘጋ አዲስ ልጅ የሚበስልበት አንድ ምድጃ ይጠፋል። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ ተጠባባቂውና ብሔራዊ ዘቡ ተጨምሮ፣ 134 ተዋጊ ስኳድሮን ነበረው፤ ዛሬ ከ60 በታች ነው። ልምድ ያለው ተዋጊ አብራሪ የሚፈልገው ወንበር ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም፤ ማሠልጠኛው አለ፣ መምሪያው አለ፣ ከሌሎች ጦሮች ጋር የሚያቀናጀው መኮንን አለ። ምድጃው ከግማሽ በታች ሲወርድ ተመጋቢው እዚያው ነው። የበሰለው ሰው ሲያንስ ደግሞ አስተማሪ ያንሳል፤ አስተማሪ ሲያንስ ወንድምሽ ደብዳቤ ይመዘግባል። ያ አየር ኃይል በዓመት 1,500 አዲስ አብራሪ ለማፍራት ዓመታት ሙሉ ሲያቅድ ቁጥሩ 1,300 አካባቢ እየቀረበት የኖረው ለመብረር የሚፈልግ ወጣት ጠፍቶ አይደለም።

ተመልካች ስለ ገንዘብ ያልከው ልክ ነው፤ ሰው ይሄዳል። ግን ለምን እንደሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ፕሮግራም በማወጣበት በሦስተኛው ዓመት ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ ስኳድሮኑ ከሚችለው በላይ ስድስት አዲስ ልጆች ይቀበል። ሒሳቡን ሠርቼ እንደማይሆን በጽሑፍ አመለከትኩ። ተቀበሉ ተባልን፤ ተቀበልን። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ ሰማዩም ያው ነው፤ የሰው ስም ብቻ በዛ። በወር ስምንት ምልልስ (ተነሥቶ ማረፍ ድረስ ያለ አንድ በረራ) ይወጣ የነበረ ልጅ አምስት ሆነለት። መሪዎቹ ደግሞ በየቀኑ ጀማሪ ይዘው ስለሚወጡ የራሳቸውን ከባድ ልምምድ የሚሠሩበት ቀን ጠፋ።

አንድ ጠዋት 23 ቀን ያልበረረ ልጅ ከመሪው ጋር ሊቀላቀል ሲጠጋ ፍጥነቱን በጊዜ አላበረደም። መሪው ዞር ብሎ አይቶት ወደ ታች ባይወረወር ኖሮ ሁለቱም እዚያው ቀርተው ነበር። በኋላ በቀረጻው ስናየው በመካከላቸው የነበረው ክፍተት ከአንድ አውሮፕላን ርዝመት አይበልጥም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። 23 ቀን ሙሉ ስሙን ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ማታ ሰሌዳው ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ሁለት አስተማሪዎች ለቀቁ። አንደኛው በጣም የምወደው ሰው ነበር፤ ሊሰናበተኝ ሲመጣ "ስድስት ወር ለራሴ አንድ ቀን አልበረርኩም፤ ሁልጊዜ የሰው ጭራ ስጠብቅ ነው የምውለው" አለኝ። ስለ ደመወዝ አላነሳም።

ሙሉጨረቃ፦

ሒሳቡ ገብቶኛል፤ እናመሰግናለን። ግን ዛሬ ሲሙሌተሩ እንደ እውነተኛው ሆኗል። የበረራ ሰዓት ያነሰበት ልጅ ቀሪውን በሲሙሌተር ቢሞላስ? ርካሽም ነው።

ባለሰሌዳው፦

ለሲሙሌተር ትልቅ ክብር አለኝ። ራዳር አጠቃቀም፣ ሚሳይል የሚተኮስበት ርቀትና ጊዜ፣ ሞተር ሲጠፋ የሚደረገው ቅደም ተከተል፤ ይህን ሁሉ ከሰማይ ይልቅ እዚያ ቢማር ይሻላል። እንደ ኤፍ-35 ባለው በ5ኛው ትውልድ ተዋጊ ላይማ በሰላም ጊዜ በገሃድ ሊለማመዱት የማይፈቀድ ነገር ስላለ ግዴታ ነው።

የማይሰጠው ነገር ሰውነት ነው። አንገትህ ሰባት እጥፍ ከብዶ ወደ ኋላ ዞረህ የተከተለህን መፈለግ፣ ደመና ውስጥ መሪህን ላለማጣት ዓይንህን ሳታርገበግብ ክንፉን ማየት፣ ነዳጅ እያለቀ መንደርደሪያው ለሌላ ሲሰጥ ልብ የሚመታው። በ23 ቀን የሚረሳው ይህ ነው። ደግሞም ሲሙሌተሩን የሚመራው ያው የበሰለ አብራሪ ነው። የሚያጥረውን ሰው ከበረራ መስመር አንስተህ ሲሙሌተር ክፍል ብታስቀምጠው ጉድለቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተሞላም።

የሞተር ሰው፦

ጋሼ የጻፉት እውነት ነው። እኔ ደግሞ ከታች፣ ከሃንጋሩ በኩል ልናገር። 24 አውሮፕላን የሚባለው በወረቀት ነው። ከ24ቱ ሁለቱ ትልቅ ጥገና ላይ ናቸው፣ ሦስቱ ዕቃ ይጠብቃሉ፣ አንዱን ደግሞ እኛው ለሌሎቹ ፈትተነዋል። ከዚህ አውሮፕላን ፓምፕ ፈትቶ ለዚያ መግጠም ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ፈትተህ ሁለቴ ትገጥማለህ። ጠዋት ለጋሼ ሰሌዳ የምንልከው ቁጥር 12 ከሆነ ደስ ብሎን ነው የምንውለው።

ማሠልጠኛው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚረሳው የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። የአሜሪካው ቲ-38 አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ተተኪውን ቲ-7ን፣ 351 አውሮፕላን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቦይንግ አዘዙ፤ እሱም ዘገየ፤ በመሃሉ የአሮጌው ሞተር ዕድሳት ተጓትቶ ተማሪ ያለ አውሮፕላን ቀረ። እንግሊዞች ሆክ ቲ2 በሚባለው ማሠልጠኛቸው ሞተር ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ችግር ገጠማቸው፤ ከዚያ በፊትም ወደ 4 ዓመት የታቀደው የተዋጊ ጄት ሥልጠና 7 ዓመት ገደማ ይፈጅ እንደነበር የራሳቸው ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ጽፏል። እህቴ፣ ወንድምሽ ብቻውን አይደለም።

ሕንድ ደግሞ አለች። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ኮሚቴ ከፍተኛ የጄት ማሠልጠኛ ይገዛ አለ። 66ቱን ሆክ ለመግዛት የተፈረመው በ2004 ነው። በእነዚያ 22 ዓመታት ልጆቹ ከዝግተኛው ማሠልጠኛ ወጥተው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት የሚያርፈውን ሚግ-21 ላይ ነበር የሚወጡት። ስንት ልጅ እንደጠፋ የሚያውቅ ያውቃል። ሚግ-21 እ.ኤ.አ. በ2025 ሲሰናበት ደግሞ የስኳድሮኑ ቁጥር 29 ቀረ፤ የተፈቀደው 42 ነበር።

ተመልካች፦

ጋሼ፣ ገንዘብ ብቻ ነው ያልኩትን አነሳለሁ። ግን በጦርነት ጊዜ እንዴት ሆነላቸው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር አብራሪ በወራት ያሠለጥኑ አልነበር?

ባለሰሌዳው፦

ከሁለቱም በኩል ምሳሌ አለ፤ እኔ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሌሊት አንብቤያለሁ።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1940 ክረምት አውሮፕላን ከፋብሪካ ይጎርፍላት ነበር፤ ያነሳት አብራሪ ነው። ከትምህርት ቤት የወጡት ልጆች በተዋጊ ላይ ሁለት ሳምንት ብቻ ሰልጥነው ስኳድሮን ይገቡና በመጀመሪያው ቀን ይወድቃሉ። መስከረም ላይ የተዋጊ ዕዙ አዛዥ ዳውዲንግ ስኳድሮኖቹን በሦስት ከፈላቸው። ሦስተኛው ክፍል ጦርነቱ በማይበረታበት አካባቢ ተቀመጠ፤ ጥቂት ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ብቻ ይቀሩለትና ሥራቸው አዲሶቹን ማብሰል ይሆናል። ለንደን እየተደበደበች እኮ ነው! ሰው ሁሉ "ሁሉንም ወደ ግንባር" በሚልበት ሰዓት አስተማሪ ይዞ ማቆየት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ በፊት፣ ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 1939 ላይ፣ ካናዳ ውስጥ ማሠልጠኛ ለመክፈት ተፈራርመው ነበር፤ በዚያ ዕቅድ ከ131,000 በላይ የበረራ ሠራተኛ ወጣ።

ጀርመን የተገላቢጦሹን ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻና በ1943 መጀመሪያ ስታሊንግራድ ለተከበበው ጦር ስንቅ ለማድረስ ዩንከርስ 52 የማጓጓዣ አውሮፕላኖችን ከነአስተማሪዎቻቸው ከበረራ ትምህርት ቤቶች ወሰዱ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። የነገውን ዘር ዛሬ መብላት ማለት ይህ ነው። በ1944 አጋማሽ አዲስ የጀርመን አብራሪ ስኳድሮን የሚገባው ወደ 110 ሰዓት ይዞ ሲሆን በዚያ በኩል የሚጠብቀው የእንግሊዝና የአሜሪካ አብራሪ ከ300 በላይ ያለው ነበር። በዚያ ዓመት ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት አምስት ወራት ብቻ የተዋጊ ክፍሉ ያጣው የአብራሪ ቁጥር በአማካይ ከነበረው ጠቅላላ አብራሪ ቁጥር ጋር ተቀራራቢ ነበር። የሚገርመው የጀርመን ፋብሪካዎች ከጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ብዙ አውሮፕላን ያወጡት በዚያው በ1944 ነው። አውሮፕላኑ ሞልቶ የሚያበረው ጠፋ።

በቅርቡም ዩክሬን ኤፍ-16 ስትለምን ዴንማርክ 19፣ ኔዘርላንድስ 24 ቃል ገቡ። አውሮፕላኖቹ በይፋ የታዩት ነሐሴ 2024 ላይ ነው። ቁጥሩ እያለ ጊዜ የበላው ሰውን ማዘጋጀት ነበር፤ አንዳንዱ አብራሪ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ነው የጀመረው።

ስለዚህ "ስንት ተዋጊ አለን?" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሦስት ነገር መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ጠዋት ስንቱ ይነሳል? አንድ አብራሪ በወር ስንት ሰዓት ይበራል? ከመቶው ስንቱ ሌላውን ይዞ መውጣት ይችላል?

እህቱ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉን በሙሉ ለወንድሜ ላክሁለት። ማታ ደወለ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት አወራን። ጥፋቱ የእሱ እየመሰለው ኖሯል፤ "ውጤቴ አንሶ ይሆን የዘለሉኝ?" እያለ ሲብሰለሰል ነበር። ባለሰሌዳው፣ እርስዎን አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። እየጠበቀ ሳለ ምን ያድርግ? ተራው ሲደርስስ 14 ወር ሳይበር መቆየቱ ይጎዳዋል?

ባለሰሌዳው፦

ንገሪው፣ ውጤቱ ቢያንስ ኖሮ ለተዋጊ ባልመረጡት።

ይጎዳዋል፤ አልዋሽሽም። ግን የሚመለስ ነው። አሁን ያለበት ጣቢያ ውስጥ ስኳድሮን ካለ አዛዡን ያስፈቅድና ከበረራ በኋላ በሚደረገው ግምገማ ጥግ ይዞ ይቀመጥ። ዝም ብሎ ይስማ። አንድ በረራ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢዘልል ግምገማው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ተዋጊ አብራሪ የሚሠራው እዚያ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማረፍ ያለውን በእጁ እየነካ በቃሉ እየተናገረ በሐሳቡ ይብረር። እኔ 11 ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አድርጌዋለሁ። ሦስተኛ፣ አንገቱንና እግሩን ያጠንክር፤ ጂ (ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ሰውነትን የሚያከብደው ጫና) ሲመጣ ደም ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው እግርና ሆድ ነው።

ተራው የደረሰ ቀን ደግሞ ለመጀመሪያው አስተማሪው ሳያፍር ይንገረው፦ "14 ወር አልበረርኩም።" ብዙ ልጅ ይህን ይደብቃል፤ አስተማሪው በሁለተኛው በረራ ላይ ስለሚያውቀው መደበቁ አይጠቅምም።

እህቱ፦

አሁን አጠገቤ በስልክ ነው ያለው። "እሱ ፕሮግራም አውጪዬ ቢሆን ቀጥታ ጄት ላይ ያወጣኝ ነበር?" ይላል።

ባለሰሌዳው፦

አላወጣውም። መጀመሪያ በሚያውቀው በፕሮፔለሩ አውሮፕላን አራት ምልልስ እጽፍለታለሁ፤ ሁለቱ ከአስተማሪ ጋር፣ አንዱ ብቻውን፣ የመጨረሻው በፎርሜሽን፣ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጠጋግቶ። አራቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሳይራራቁ። ጄቱን በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት፣ በመጀመሪያው መስመር።